ማሽን ያልቻለው ዳንቴል

ከመገናኛ ወደ ፒያሳ የሚሄደው አውቶቡስ ጠዋት ላይ ጢም ብሎ ይሞላል። መቀመጫ ያገኘ ስልኩን ያወጣል፤ ያላገኘ ብረቱን ጨብጦ ይወዛወዛል። በመስኮቱ በኩል የተቀመጠች አንዲት ልጅ ግን ከቦርሳዋ ያወጣችው ስልክ አልነበረም፤ አንድ ጥቅል ቢጫ ክርና ኪሮሽ ነበር። ክሩን በግራ ጠቋሚ ጣቷ ላይ ጠምጥማ መሥራት ጀመረች። አጠገቧ ነጠላቸውን የተከናነቡ እናት ተቀምጠዋል። ቀበና እስክንደርስ ድረስ ዝም ብለው እጇን ሲያዩ ቆዩና፣ «የኔ ልጅ፣ ክሩን አነቅሽው እኮ። ላላ አድርጊው፤ አለዚያ ኪሮሹ መግቢያ ያጣል» አሏት።

ልጅቷ ቀና ብላ «ይችሉበታል እንዴ እማማ?» አለቻቸው። መልስ አልሰጧትም፤ እጃቸውን ዘረጉ። ተቀብለዋት ሦስት አራት ቀለበት እንደሠሩ ጣታቸው ፈጠነ። ዓይናቸውን ከክሩ አንሥተው ወደ ውጭ እያዩ እንኳ እጃቸው አልሳተም። «ልጆቼን ከወለድኩ ወዲህ ይዤው አላውቅም» አሉ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል። «ድሮ የአልጋ ልብስ ሠርቻለሁ። ሙሉ የአልጋ ልብስ።» አራት ኪሎ ወራጅ ሲባልም የጀመሩትን ዙር ሳይጨርሱ አልመለሱላትም።

የእኚህን እናት ትውልድ ቤት የሚያስታውስ ሰው ዳንቴሉን ይዞ ነው የሚያስታውሰው። ሬዲዮኑ ዳንቴል ነበረው፤ ቴሌቪዥኑም፣ ቡፌውም፣ የሶፋው ራስጌና ክንድም እንዲሁ። ሲኒው የሚደረደርበት ረከቦት ሳይቀር የራሱ መሸፈኛ ነበረው። ክሩ ነጭና ቀጭን፣ ኪሮሹ የብረት፣ ጫፉ ዓይን ካላጠበቡ በቀር የማይታይ። ያለቀው ሥራ ታጥቦ፣ ስኳር በተበጠበጠበት ውሃ ተነክሮ፣ ጠረጴዛ ላይ ተወጥሮ ይደርቅና ጠርዙ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ትምህርት ቤት «የእጅ ሥራ» የሚባል ክፍለ ጊዜ ነበር፤ ትልቁ ትምህርት ቤት ግን ሠፈሩ ነበር። አዲስ ዓይነት ጎረቤት ቤት የታየ እንደሆነ ለአንድ ሌሊት በውሰት ይመጣል፤ መብራት ሥር ተቀምጠው ቀለበቱን አንድ በአንድ እየቆጠሩ ይገለብጡታል። ብዙዎቹ እናቶቻችን ንድፍ ከመጽሐፍ አንብበው አያውቁም። ያለቀ ሥራ አይተው ግን እንዴት እንደተሠራ ወደ ኋላ ያነቡት ነበር። ይህ ትልቅ ዕውቀት ነው፤ ያን ጊዜ ዕውቀት ብሎ የጠራው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ከዚያ ፕላስቲኩ መጣ፤ የፋብሪካ ጨርቁ መጣ፤ ቴሌቪዥኑም ቀጥኖ ግድግዳ ላይ ወጣ። ዳንቴሉ ታጥፎ ወደ ቁም ሳጥን ገባ። ኪሮሽ የያዘች ወጣት ማየት ብርቅ ሆኖ ብዙ ዓመት አለፈ።

አሁን ግን ወጣቶቹ እየተመለሱበት ነው፤ የሚሠሩት ግን እናቶቻቸው የሠሩትን አይደለም። ባዛር የሄደ ሰው የእጅ ቦርሳ፣ ባርኔጣ፣ ላይ የሚለበስ ቶፕ፣ የማይጠወልግ የክር አበባ፣ ጃፓኖች አሚጉሩሚ የሚሏቸውን ትንንሽ አሻንጉሊቶች ያገኛል። ትምህርቱን ከዩቲዩብና ከቲክቶክ ያገኛሉ፤ ሥራውን በቴሌግራም ይሸጣሉ። አብዛኞቹ ግን ለሽያጭ ብለው አልጀመሩትም። ለምን ጀመርሽ ስትባል፣ «እጄ ሥራ ሲይዝ ሐሳቤ ያርፋል» የምትል ብዙ ናት። የተደጋጋሚ እንቅስቃሴ ጥቅም ይኸው ነው። ቆጠራው አእምሮን ለመያዝ ይበቃል፤ ለማድከም ግን አይበቃም።

በአውስትራሊያ የወሎንጎንግ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች ይህንኑ ስሜት በመጠይቅ አጥንተውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ለኅትመት በበቃው ጥናታቸው ከ87 አገሮች 8,391 የኪሮሽ ሠሪዎች መልስ ሰጥተዋል። ከአሥሩ ወደ ዘጠኝ የሚጠጉት ሲሠሩ መረጋጋት እንደሚሰማቸው ተናግረዋል። መላሾቹ ራሳቸው ሥራውን የሚወዱ ሰዎች ስለሆኑ ኪሮሽ መድኃኒት ነው የሚል መደምደሚያ አይወጣበትም። ያም ሆኖ ያን ያህል ሰው፣ ከዚያን ያህል አገር፣ ስለ አንድ ትንሽ መንጠቆ ተመሳሳይ ነገር መናገሩ ቀላል ምስክርነት አይደለም።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ሌላ ነው፤ ኪሮሽ በማሽን አይሠራም።

ሱቅ ውስጥ የተሰቀለ ሹራብ አይተን ማሽን የሠራው ነው ብንል አብዛኛውን ጊዜ አንሳሳትም። ሹራብ በባሕርይው ለማሽን ይመቻል። የአንድ ረድፍ ቀለበቶች በሙሉ በአንድ ጊዜ ክፍት ሆነው መርፌ ላይ ይደረደራሉ፤ ለእያንዳንዱ ቀለበት የየራሱን መርፌ ያዘጋጀ ማሽን ረድፉን በአንድ ጊዜ ይጨርሰዋል። እንግሊዛዊው ዊልያም ሊ የካልሲ መሥሪያ ማሽኑን የፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1589 ነው፤ የሹራብ ፋብሪካዎች ሁሉ ከዚያ የመነጩ ናቸው። በኪሮሽ ሥራ ግን በማንኛውም ሰዓት ክፍት የሆነው ቀለበት አንድ ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ ተዘግቶ አልቋል። የሚቀጥለው ቀለበት የት እንደሚገባ የምትወስነው ሠሪዋ ናት፤ ከሥር ባለው ቀዳዳ፣ ከሁለት ረድፍ በፊት በተሠራው፣ ከጎን፣ ከጀርባ፣ ወይም በባዶ አየር ላይ በተዘረጋ ሰንሰለት ዙሪያ። ለስላሳና የሚተጣጠፍ ሥራ ውስጥ ትክክለኛውን ቀዳዳ ፈልጎ ማግኘት ጣት በዳሰሳ የሚያደርገው ነገር ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ የተጀመሩ ሙከራዎች አሉ፤ የሰው እጅ ተክቶ ለገበያ የሚያመርት ማሽን ግን እስካሁን የለም።

ስለዚህ የትም አገር፣ የትም ሱቅ፣ በየትኛውም ዋጋ እውነተኛ የኪሮሽ ሥራ ያየ ሰው የሚያየው የአንድ ሰው እጅ ነው። ውድ ፋሽን ቤት የተሰቀለውም፣ መንገድ ዳር የተዘረጋውም ያው ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ የእናቴን ዳንቴል እንደ ድሮው ማየት አልቻልኩም።

የእጁ ብዛት ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ አንድ ክብ ሥራ ይበቃል። ጠፍጣፋ ክብ መሥራት የምትፈልግ ጀማሪ በመሃል ስድስት ቀለበት ትሠራለች። በሁለተኛው ዙር እያንዳንዱ ላይ ሁለት ሁለት ትሠራና 12 ይሆናል። በሦስተኛው 18፣ በአራተኛው 24፣ እንዲህ እያለ በየዙሩ ስድስት ይጨምራል። ሃያ ዙር ስትደርስ ሥራው ከሰሃን አይበልጥም፤ የተሠሩት ቀለበቶች ግን 1,260 ናቸው። እያንዳንዱ ውስጥ ኪሮሹ ገብቶ ወጥቷል።

ለምን ስድስት? መሶብ የሰፋች ሴት ይህን ለማስረዳት አትቸገርም። ወስፌዋን ይዛ ከመሃል ትጀምራለች፤ በየዙሩ እያሰፋች ስትሄድ ጠፍጣፋ ሰፌድ ይወጣል፤ ማስፋቱን ስታቆም ግድግዳው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ክሩም ይህንኑ ሕግ ያከብራል። ስድስት ከጨመሩለት ጠረጴዛ ላይ ይተኛል፤ ካልጨመሩለት ተቆልምሞ ባርኔጣ ይሆናል። ከሚገባው በላይ ከጨመሩለት ደግሞ መተኛትም መቆምም እምቢ ብሎ ይሸበሸባል። እናቶቻችን ይህን መሸብሸብ ሆን ብለው ለዳንቴል ጠርዝ ያውሉት ነበር።

ይህ መሸብሸብ የሒሳብ ሊቃውንትን ያስቸገረ ቅርጽ መሆኑን የሰማሁ ዕለት በደስታ ተነሥቼ ቆምኩ። የዚህ መሸብሸብ ጂኦሜትሪ ሃይፐርቦሊክ ይባላል። በዚህ ጂኦሜትሪ ከአንድ መስመር ውጭ ባለች ነጥብ በኩል፣ መስመሩን የማይነኩ ስፍር ቁጥር የሌላቸው መስመሮች ማስመር ይቻላል። የሒሳብ ሊቃውንቱ ቅርጹን በቀመር ቢያውቁትም በእጅ የሚዳሰስ ሞዴሉን ለመሥራት ተቸግረው ነበር፤ ከወረቀት የሚሠሩት በቀላሉ ይቀደዳል። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ታስተምር የነበረችው ላትቪያዊቷ ዳይና ታይሚኛ ኪሮሿን አነሣች። በየተወሰነው ቀለበት አንድ እየጨመረች ሠራችውና ተማሪዎቿ እንዲያጥፉት፣ እንዲዘረጉት፣ በላዩ መስመር እንዲሰፉበት ሰጠቻቸው። በልጅነቷ የተማረችው የእጅ ሥራ ቀመሩን አስጨበጣቸው።

ሎስ አንጀለስ ይኖሩ የነበሩት አውስትራሊያውያን መንታ እህትማማቾች ማርጋሬትና ክሪስቲን ወርትሃይም ደግሞ ከታይሚኛ ሥራ ተነሡ። የባሕር ውስጥ ኮራል ጠርዙ የሚሸበሸበው በዚሁ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የኮራል አለትን በክር መሥራት ጀመሩ፤ ባሕሩ እየሞቀ ኮራሉ እየሞተ መሆኑን ሰው እንዲያይ ነበር ዓላማቸው። በየአገሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ የየራሳቸውን ቁራጭ ሠርተው ጨምረውበታል። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2019 በቬኒስ ቢየናሌ ታይቷል። ለሶፋ ክንድ ብቻ ይበቃል ተብሎ የተናቀ ጥበብ እዚያ ደርሷል።

ኪሮሽ ነፍስ ያዳነበት ዘመንም አለ። አየርላንድ ውስጥ ድንች እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ በበሽታ ሲመታ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በረሃብና በወረርሽኝ አለቀ። ኮርክ አጠገብ ብላክሮክ የሚገኘው ገዳም መነኮሳይያት ለአካባቢው ሴቶችና ልጆች በኪሮሽ ዳንቴል መሥራት አስተማሩ። ክሎንስ በምትባል ከተማም የአንድ ቄስ ባለቤት የሆነችው ካሳንድራ ሃንድ እ.ኤ.አ. በ1847 ይህንኑ ሥራ አስፋፋች። ቀድሞ በመርፌ ብዙ ጊዜ የሚፈጀው ዳንቴል በኪሮሽ በአጭር ጊዜ ስለሚያልቅ ለተራበ ሰው ተስማሚ ነበር። አንዷ ጽጌረዳ ትሠራለች፣ ሌላዋ ቅጠል፣ ሌላዋ ወይን፤ ከዚያ ቁርጥራጮቹ በቀጭን መረብ ይያያዙና የሀብታም ሴቶች ቀሚስ ይሆናሉ። በዚያ ገንዘብ ቤተሰብ በልቷል፣ የመርከብ ትኬትም ተቆርጦበታል። ረሃብን ለሚያውቅ አገር ልጅ ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ወገናችን መናገር አለብኝ። ጆናህ ላርሰን ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልዶ በሕፃንነቱ በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ የሄደ ልጅ ነው፤ ያደገው በዊስኮንሲን ግዛት ላክሮስ ከተማ ነው። አምስት ዓመት ሲሆነው ቤት ውስጥ ከነበረ የዕቃ ከረጢት ኪሮሽ አገኘና ዩቲዩብ እያየ የዕቃ ማጠቢያ ጨርቅ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2019፣ በ11 ዓመቱ፣ የሥራው ዜና በመላው ዓለም ተሰማ። መጽሐፍ አሳተመ። ከዚያም በሥራው ገንዘብ አሰባስቦ በተወለደበት አገር ላሉ ተማሪዎች ቤተ መጻሕፍት እንዲሠራ ረዳ። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ኪሮሽ ይዞ መቀመጡ እንደሚያረጋጋው ደጋግሞ ተናግሯል።

የዚህን ልጅ ታሪክ ለሰው ስነግር «ወንድ ልጅ?» የሚል አላጣም። ይህ አባባል ለእኛ አገር አይመጥንም። እንዝርት ይዛ የምትፈትለው ሴት ብትሆንም ጥበቡን የሚሸምነው በአብዛኛው ወንድ ነው። የአገራችን ሰው በበዓል ቀን የሚኮራበትን ልብስ ወንድ ሸማኔ ጉድጓዱ ላይ ቁጭ ብሎ በድርና ማግ ሠርቶታል። ድርና ማግ የማያሳፍረው ወንድ ልጅ በኪሮሽ የሚያፍርበት ምክንያት የለም። ወንድ ልጁ ክር ሲነካ የሚከለክል ወላጅ ካለ፣ እባክዎ አይከልክሉት።

ወደ ሥራው ደስታ ልመለስ። ደስታው ሥራው ሲያልቅ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ክሩን ከመምረጥ ይጀምራል። መርካቶ የክር ሱቅ ውስጥ ሁለት አረንጓዴ ይዞ፣ ወደ በሩ ወጥቶ፣ በፀሐይ ብርሃን ማየት፤ ባለሱቁም የለመደው ነገር ስለሆነ አይቆጣም። ከዚያ የመጀመሪያዎቹ ዙሮች አሉ፤ ምን እንደሚሆን ገና አይታወቅም፣ እጅ ላይ ያለው ትንሽ የተጠማዘዘ ነገር ነው። አራተኛው አምስተኛው ዙር ላይ ድንገት ቅርጹ ይወጣል። ይህች ቅጽበት ስንት ጊዜ ብትደጋገም አትሰለችም። ለእህቴ ልጅ ባርኔጣ ስሠራ ሁልጊዜ እዚያ ላይ ቆም ብዬ መዳፌ ላይ አስቀምጬ አየዋለሁ።

ሌላም ደስታ አለ፤ መተርተር። ጨርቅ አንዴ ከተቆረጠ አይመለስም። ሸክላ ከተተኮሰ አይለወጥም። የኪሮሽ ሥራ ግን ክሩን ይዘው ሳብ ሲያደርጉት ቀለበት በቀለበት ይፈታል፤ ስህተቱ ያለበት ቦታ ድረስ ወርዶ እዚያ ይቆማል። ከሥራ ጊዜው በቀር የጠፋ ነገር የለም፤ ክሩ ሙሉ ነው። ጀማሪ ሲተረትር ያዝናል። የቆየ ሰው ሲተረትር ፊቱ ላይ ኀዘን አይታይም፤ ሁለተኛው ሥራ ከመጀመሪያው እንደሚሻል ያውቃል። እናቶቻችን የልጅ ሹራብ ሲጠብ ተርትረው፣ ክሩን አጥበው፣ የወንበር መደገፊያ ላይ ጠምጥመው አድርቀው ለታናሽየው ሌላ ይሠሩለት ነበር። በአንድ ክር ሦስት ልጅ ያደገበት ቤት አለ።

መጀመር ለሚፈልግ ሰው ምክሬ አጭር ነው። እናቶቻችን በጀመሩበት ነጭ ቀጭን ክር አይጀምሩ፤ ለዓይንም ለትዕግሥትም ይከብዳል። መካከለኛ ውፍረት ያለው፣ ፈዘዝ ያለ ቀለም ያለው ክር ይግዙ። ጥቁር ክር ቀለበቱን ስለሚደብቅ ለኋላ ይቆይ። ኪሮሹ አራት ወይም አምስት ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ልኩ እጀታው ላይ ተጽፏል። የመጀመሪያው ቀን ሰንሰለት ብቻ ይሥሩ፤ እጅ ክር መያዝን እስኪለምድ። ክሩን ማነቅ የሁሉም ጀማሪ ችግር ነው፤ ትከሻን ዝቅ ማድረግ ከሌላው ምክር ሁሉ ይበልጣል። አንገትና አውራ ጣት ሲያም ደግሞ ያቁሙ። በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ጠፍጣፋውን ክብ ይሞክሩ፤ ስድስት፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ስምንት።

ለመሥራት ጊዜ የሌለው ሰው ለሚገዛው ሥራ ክብር ይስጥ። ባዛር ላይ የኪሮሽ ቦርሳ ዋጋ ጠይቆ «ክር ብቻ አይደለም እንዴ!» ብሎ የሚሄድ ሰው አይቻለሁ። ሻጯ ልጅ መልስ አልሰጠችውም፤ የጀመረችውን ቀጠለች። ክር ብቻ አይደለም። ሰሃን የምታክል ቁራጭ ከአንድ ሺህ ሁለት መቶ በላይ ቀለበት ካላት፣ ሁለት ጎንና ማንገቻ ያለው ቦርሳ ስንት እንደሚሆን መገመት አያቅትም። ኪሮሽ ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ ልብስ ስናይም ከሁለት አንዱ እንደሆነ እንወቅ፤ ወይ በሹራብ ማሽን የተሠራ ማስመሰያ ነው፣ ወይ ሠሪዋ የድካሟን ዋጋ አላገኘችም።

አንድ ነገር ያሳስበኛል። የእናቶቻችን ዳንቴል ንድፍ አብዛኛው የትም አልተጻፈም። ያለው እጃቸው ላይና ቁም ሳጥን ውስጥ በታጠፈው ሥራ ላይ ነው። ሠሪዎቹ አርጅተዋል፤ ዓይናቸውም እየደከመ ነው። ያለቀውን ሥራ በስልክ ፎቶ ማንሳት ይቻላል፤ እጃቸው ክሩን እንዴት እንደሚይዝ፣ ጥግ ላይ እንዴት እንደሚዞር፣ የሚጨርሱበትን ቋጠሮ እንዴት እንደሚደብቁ ግን ፎቶ አይነግረንም። አጠገባቸው ተቀምጦ ማየት ያስፈልጋል። እናትዎ፣ አክስትዎ ወይም የሠፈርዎ እናት ዳንቴል ይሠሩ ከነበረ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ጥቅል ክርና አንድ ኪሮሽ ገዝተው ይሂዱና «ያስተምሩኝ» ይበሏቸው። ሲሠሩም በቪዲዮ ይቅረጿቸው።